ዘፈንና መጽሐፍ የአገሪቱን ኢኮኖሚ 5 በመቶ ያህል ከያዙ፣ ብሩ የት ነው ያለው?

ድምፅ_ቀራጭ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡10

ሰላም ለሁላችሁ። ትንሽ ተናድጄ ነው የምጽፈው፣ ታገሱኝ።

ሃያ ሁለት አካባቢ ከደረጃ ሥር አንዲት ጠባብ ክፍል አለችኝ። ግድግዳዋን በስፖንጅና በእንቁላል ካርቶን ለብጬ ስቱዲዮ ብያታለሁ። (ካርቶኑ ድምፅ እንደማይከለክል አውቃለሁ፤ ለመልክ ነው።) ዘፈን እቀዳለሁ፣ ሚክስ አደርጋለሁ፣ ወር ሲያልቅና ኪራይ ሲደርስ የሬዲዮ ማስታወቂያ እሠራለሁ። ባለፈው ሳምንት አንድ ባንክ ብድር ልጠይቅ ሄድኩ። የብድር ክፍሉ ልጅ በጨዋ ደንብ አስቀመጠኝና «ምን ትሠራለህ?» አለኝ። ነገርኩት። ጭንቅላቱን ነቅነቅ አድርጎ «እሱማ ጥሩ ነው፤ ሥራህስ?»

ቀልድ አልነበረም። የምሩን ነው የጠየቀኝ።

«ካርታ አለህ?» የለኝም። «ሊብሬ?» የለኝም። «ታዲያ ምን ልያዝልህ?» አለኝ፤ እኔም ወጣሁ።

ማታ ስልኬን ስነካካ አንድ ነገር አነበብኩ። የዓለም የአእምሯዊ ንብረት ድርጅት፣ ዋይፖ የሚሉት፣ በየአገሩ ያስጠናው ጥናት አለ። በቅጂ መብት ላይ የተመሠረቱ ኢንዱስትሪዎች ለአገራቸው ኢኮኖሚ ምን ያህል ያስገባሉ የሚል። ኬንያ 5.3 በመቶ። የእኛም ተጠንቶ ወደ 5 በመቶ የሚጠጋ ነው ተብሏል። አምስት በመቶ! ያ የባንክ ልጅ «ሥራህስ?» ያለኝ ሰውዬ የጂዲፒው፣ የአገሪቱ ጠቅላላ ምርት፣ ተቋዳሽ ነኝ ማለት ነው።

እንግዲህ ጥያቄዬ ይሄ ነው። ይህን ያህል ትልቅ ከሆንን ብሩ የት ነው ያለው? እኔ ጋ የለም። አብረውኝ የሚሠሩት ዘፋኞችም ጋ የለም፤ ለታክሲ የምሰጠው እኔ ነኝ።

ቆጣሪው | ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡48

ስታትስቲክስ አስተምር ነበር፤ ትንሽ ልሞክር።

ቁጥሩ ውሸት አይደለም። ግን የሚቆጥረው አንተ የገመትከውን አይደለም። ዋይፖ እ.ኤ.አ. በ2003 የአቆጣጠር መመሪያ አወጣ፣ በ2015 አሻሻለው። አገሮች የሚያስጠኑት በዚያ ነው። መመሪያው ዘርፉን አራት ቦታ ይከፍለዋል። የመጀመሪያው ዋናዎቹ ናቸው፤ ከላይ እስከ ታች ሥራቸው መድረስ፣ ማተም፣ መቅረጽ፣ ማሰራጨት የሆነ። መጻሕፍትና ጋዜጣ፣ ሙዚቃና ቴአትር፣ ፊልም፣ ሬዲዮና ቴሌቪዥን፣ ፎቶግራፍ፣ ሶፍትዌር፣ ሥዕልና ግራፊክስ፣ ማስታወቂያ። የደራሲዎችን ክፍያ የሚሰበስቡ ማኅበራትም እዚሁ ይገባሉ። አንተ ያለኸው እዚህ ነው።

ሁለተኛው ለእነዚህ ዕቃ የሚያቀርበው ነው። ቴሌቪዥን፣ ኮምፒውተር፣ ፎቶ ኮፒ ማሽን፣ ባዶ ሲዲ፣ ወረቀት፣ የሙዚቃ መሣሪያ። ሦስተኛው ግማሽ ጎኑ ብቻ የፈጠራ የሆነው ነው፤ ልብስ፣ ጌጣጌጥ፣ የቤት ዕቃ፣ ምንጣፍ፣ የሕንፃ ንድፍ፣ ሙዚየም። አራተኛው አጓጓዡ፣ ጅምላ ነጋዴው፣ ስልክና ኢንተርኔቱ ነው።

ሦስተኛውና አራተኛው እንዳሉ አይቆጠሩም። «ከዚህ ውስጥ ስንቱ እጅ የፈጠራ ነው?» ተብሎ ይቀነሳል። በአንዳንድ አገሮች ጥናት ለልብስ የተሰጠው ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም፤ ለቤት ዕቃ 5 በመቶ ግድም፤ ለሙዚየም እስከ ግማሽ ድረስ።

ሌላው ደግሞ የሚቆጠረው ሽያጭ አይደለም፣ የተጨመረው እሴት ነው። (ቫት እንዳይመስላችሁ፣ ሌላ ነው።) ለምሳሌ አንድ መጽሐፍ 500 ብር ተሸጠ እንበል። ወረቀቱ፣ ቀለሙ፣ ሽፋኑ 200 ብር ከበላ፣ ለመጽሐፉ የሚቆጠረው 300 ብር ነው። ከ300ው ውስጥ ማተሚያ ቤቱ አለ፣ አከፋፋዩ አለ፣ ሻጩ አለ፣ ደራሲው አለ። ጥናቱ አራቱን ደምሮ ይነግርሃል። ማን ስንት ወሰደ አይልም። ጥያቄህ ግን እዚያ ላይ ነው ያለው።

ዝም_አልልም | ሰኞ፣ ከምሽቱ 5፡02

እኔ መርካቶ ቲቪ እሸጣለሁ። የጥበብ ሰው ነኝ ማለት ነው? ለሚስቴ ልንገራት።

ቆጣሪው | ሰኞ፣ ከምሽቱ 5፡09

አዎ ነህ፣ ንገራት። ሁለተኛው ላይ አለህ። ቲቪው ከውጭ የመጣበት ዋጋ አይቆጠርልህም፤ የአንተ ትርፍና የሱቅ ልጆችህ ደሞዝ ግን ይቆጠራል።

ዝም_አልልም | ሰኞ፣ ከምሽቱ 5፡15

እንግዲያው ቁጥሩ ተነፍቷል በለኛ። የኔን ቲቪና የወረቀት አስመጪውን ደምረህ «ኪነ ጥበብ 5 በመቶ» ማለት ያው ሠርግ ላይ የድንኳን አከራዩን ከሙሽራው ዘመድ መቁጠር ነው።

ቆጣሪው | ሰኞ፣ ከምሽቱ 5፡31

ምሳሌህን ወድጄዋለሁ፣ ግን ድንኳን አከራዩም ሠርጉ ባይኖር አይበላም። እነሱም የሚሉት ይህንኑ ነው፤ የሚታይ ፊልም ባይኖር ቲቪ ማን ይገዛል?

አንድ ነገር ግን ትክክል ነህ። «በቅጂ መብት ላይ የተመሠረተ» ማለት «በቅጂ መብት ሕግ ምክንያት የመጣ» ማለት አይደለም። ሕጉ ነገ ቢሻር ዘፋኝ ሁሉ አፉን አይዘጋም። ሕጉ በትክክል ቢሠራስ ስንት ይጨምር ነበር? እሱንም ቁጥሩ አይመልስም። ጋዜጣ ላይ ሁለቱ ሲምታቱ አያለሁ፤ ያናድደኛል።

ከጂዲፒው ይልቅ እኔን የሚገርመኝ የሥራ ቁጥሩ ነው። ኬንያ 5.3 በመቶውን ያመጣው 3.3 በመቶ ሠራተኛ ነው። ፊሊፒንስ ደግሞ 4.8 በመቶ ጂዲፒ ለማምጣት 11 በመቶ ሠራተኛ ያስፈልጋታል። ሜክሲኮም እንደዚያው፣ 4.8 ለ11። ደቡብ አፍሪካ 4.1 ለ4.1፣ እኩል በእኩል። ከአገሪቱ ሠራተኛ 11 በመቶ ሆኖ 4.8 በመቶ ማምጣት ማለት ብዙ ሰው በትንሽ ብር እየተሻማ ነው ማለት ነው። ድምፅ_ቀራጭ፣ ለታክሲ የምትሰጣቸው ዘፋኞች ኬንያን ሳይሆን ሜክሲኮን ነው የሚመስሉት።

መጽሐፍ_በትከሻ | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1፡20

አሁን ትንሽ ሱቅ አለችኝ እንጂ ዘጠኝ ዓመት በአዟሪነት ነው የኖርኩት። ከደረት እስከ አገጭ መጽሐፍ ቁልል፣ ከፒያሳ አራት ኪሎ፣ ከአራት ኪሎ ካዛንቺስ። ካፌ ገብቼ ዘበኛ ያባርረኛል፤ በሌላ በር እገባለሁ።

ቆጣሪው «ማተሚያ ቤቱ፣ አከፋፋዩ፣ ሻጩ፣ ደራሲው» ብለሃል። አንድ ሰው ረሳህ። ሌባው የት ሄደ?

አንድ መጽሐፍ ሲሞቅ በሳምንት ውስጥ ሁለተኛው ይመጣል። ሽፋኑ አንድ ነው። እኔ ግን ዓይኔን ጨፍኜም እለየዋለሁ። መጀመሪያ በእጅ ይመዘናል፤ የተሰረቀው ቀላል ነው፣ ወረቀቱ ሳሳ ያለ። ከዚያ መሀሉ ላይ ትከፍተዋለህ፤ ሙጫው ጠጥ ይልና ገጹ ይገነጠላል። ፊደሉ ፎቶ ተነስቶ ስለሚታተም የ«ጨ» እና የ«ጬ» እግር አይለይም። ኅዳጉ ያጋድላል። አንዳንዴ ከገጽ 96 ቀጥሎ 113 ይመጣል፤ ገዢው ተመልሶ የሚሰድበው እኔን ነው፣ ደራሲውን ነው፣ ሌባውን ግን አይደለም።

አሁንማ እሱም ቀርቷል ማለት ይቻላል። ወረቀት ሲወደድ ሌባውም ከሰረ። ፒዲኤፍ በቴሌግራም ለቀቁት፣ አለቀ። ባለፈው አንድ ተማሪ ሱቄ ገባ፤ መጽሐፉን አገላብጦ አየ፣ የጀርባውን ጽሑፍ አነበበ፣ ስልኩን አወጣና እዚያው ፊት ለፊቴ አወረደው። «አመሰግናለሁ ጋሼ» ብሎኝ ወጣ። ምን እላለሁ? እኔም ተማሪ ሆኜ ፎቶ ኮፒ ነው ያነበብኩት።

እና ጥያቄዬ፦ ያ የተሰረቀው መጽሐፍ ጂዲፒው ውስጥ አለ የለም?

ቆጣሪው | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 2፡05

አስቸጋሪ ጥያቄ ጠየቅከኝ። በመርህ ደረጃ የጂዲፒ አቆጣጠር ሕጋዊና ሕገወጥ አይለይም፤ ሰው አምርቶ ሰው ከገዛው ምርት ነው። በተግባር ግን የሚቆጠረው መዝገብ ላይ ያለው ወይም በጥናት የተገመተው ነው። ስለዚህ በድብቅ የታተመው መጽሐፍ በከፊል ይገባል። ማተሚያው ፈቃድ ያለው ከሆነ፣ ወረቀቱን በደረሰኝ ከገዛ፣ አንተም ግብር ከከፈልክበት፣ ያ መጽሐፍ ራሱን ችሎ ኢኮኖሚውን አሳድጓል። ደራሲው ብቻ ነው የሌለበት።

ፒዲኤፉ ግን የለም። በነፃ ስለሆነ ዜሮ። ካርዱን የሞላበት ብር ብቻ ስልክና ኢንተርኔት በሚለው ሥር፣ አራተኛው ላይ፣ በቁራጭ ይገባል።

ድምፅ_ቀራጭ | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 2፡11

ሌባው ጂዲፒ ውስጥ አለ፣ ደራሲው የለም። ይህን ፍሬም አድርጌ ስቱዲዮዬ ላይ እሰቅለዋለሁ።

ጋሽ_ካሴት | ማክሰኞ፣ ከቀኑ 7፡40

ልጆች፣ እናንተ የምታወሩትን እኛ በካሴት ዘመን ጨርሰነዋል።

እኔ ሙዚቃ ቤት ነበረኝ፤ ከተማውን አልጠራም፣ ክፍለ አገር ነው። ካሴት የሚወጣበት ቀን በዓል ማለት ነበር። ከአዲስ አበባ በአውቶብስ ጣሪያ ላይ ካርቶን ይመጣል። ካርቶኑን የሚያወርደው ተሸካሚ ይበላል። ፖስተር የሚለጥፈው ልጅ ይበላል። ድምፅ ማጉያውን በር ላይ አውጥቼ ከጠዋት እስከ ማታ ሳስጮኸው ጎኔ ያለችው ሻይ ቤት ሁለት እጥፍ ትሸጣለች። ያ ሁሉ የአንድ ሰው ጉሮሮ ነው።

አሁን ደግሞ ኃጢአቴን ልናገር። ኋላ ላይ ሁለት ማጫወቻ ያለው ቴፕ ገዛሁ። አንዱን ካሴት ከዋናው ቀድቼ በግማሽ ዋጋ እሸጥ ነበር። ሁሉም ያደርገው ነበር። «የትኛውን ይፈልጋሉ፣ ኦርጅናሉን ወይስ የተቀዳውን?» ብለን በግልጽ እንጠይቅ ነበር እኮ! አላፈርንም። ሌብነት መሆኑንም የነገረን የለም።

ከዚያ 1995 ዓ.ም. መጣ። ሙዚቀኞቹና አሳታሚዎቹ «ሕግ ካልወጣልን አዲስ ካሴት አናወጣም» ብለው አደሙ። ወራት ያለ አዲስ ካሴት ሄዱ። ያኔ ነው የገባኝ። የተቀዳ ለመሸጥ የሚቀዳ ያስፈልጋል ለካ። መደርደሪያዬ አቧራ ጠጣ፣ ሻይ ቤቷም ቀዘቀዘች። በዓመቱ አዋጁ ወጣ።

አንቀጽ_በአንቀጽ | ማክሰኞ፣ ከቀኑ 9፡15

ጋሼ፣ ስለተናዘዙ ይርጋው አልፎልዎታል፣ አይጨነቁ። :)

ጠበቃ ነኝ። ያ አዋጅ የቅጂ መብት አዋጅ 410/1996 ነው። ከዚያ በፊትም ሕግ አልነበረም ማለት ግን አይደለም፤ የ1952ቱ ፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ድርሰትና ኪነ ጥበብ ባለቤትነት አንቀጾች ነበሩት። ሰው አይጠቀምባቸውም ነበር እንጂ። 410 ሲመጣ ጥርስ አበጀለት። ደራሲው በሕይወት እስካለ፣ ከሞተ በኋላም 50 ዓመት መብቱ ይጠበቃል። አዋጁ ሲወጣ ሆን ብሎ የጣሰ ከ5 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እሥራት ይጠብቀው ነበር። ለሞራል ጉዳት የሚከፈለው ካሣም ከ100,000 ብር እንዳያንስ ተደንግጎ ነበር። በ1996 የመቶ ሺህ ብርን ዋጋ አስቡት! አሁን ያንኑ ብር ስንቆጥረው ሳቅ ይመጣል።

ቢሮዬ የሚመጡት ሰዎች ችግራቸው ግን ከሕጉ በፊት ነው የሚጀምረው። አንድ ግጥም ደራሲ መጣ። ዘፈኑ በየሠርጉ ይዘፈናል። «ውልህን አሳየኝ» አልኩት። ከኪሱ አራት ቦታ የታጠፈ የደብተር ወረቀት አወጣ። «ሙሉ ክፍያዬን ተቀብያለሁ» የሚል አንድ መስመርና ፊርማ። ምን መብት ሸጠ? ለስንት ጊዜ? ለካሴት ብቻ ነው ወይስ ለዩቲዩብም? ያኔ ዩቲዩብ የሚባል ነገር አልነበረማ። ሕጉ መብት ሲተላለፍ በጽሑፍ ይሁን ይላል፣ እነሱም ጽፈዋል። አንድ መስመር!

ብሩ የት ነው ላልከው፣ ትልቁ ክፍል የደብተር ወረቀት ላይ ቀርቷል።

ዲሲ_ነኝ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡30

እኔ ደግሞ ብሩ ያለበትን ቦታ ልንገራችሁ። የኔ ባንክ ውስጥ ነው። አትሳቁ።

ዲሲ አጠገብ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምኖረው። የአክስቴ ልጅ አዲስ አበባ ሆኖ አጫጭር ኮሜዲ ይሠራል። ጥሩ ተመልካች አለው። የዩቲዩብ ቻናሉ ግን በኔ ስም ነው፤ አድራሻው የኔ፣ የባንክ ሒሳቡ የኔ፣ የታክስ ቁጥሩ የኔ። ብሩ በወሩ መጨረሻ አካባቢ ይገባል፣ እኔ እልክለታለሁ። የዓመቱ መጨረሻ ላይ የታክስ ወረቀቱ ለኔ ይመጣል። የኔ ቢጤ እዚህ ብዙ ነው። ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ስንገናኝ «የናንተስ ልጅ ስንት ቪው አገኘ?» ነው ወሬው።

አሁን የቆጣሪውን ስሌት ሳነብ ነው የደነገጥኩት። ጥሬ ሥራው ገርጂ ተሠራ፣ የሳቀው ሰው ጂዳና ዲሲ ነው፣ ገቢው ግን የኔ የአሜሪካ ገቢ ተብሎ ተመዘገበ። ኢትዮጵያ ጋ ሲደርስ ዘመድ የላከው ብር ነው የሚባለው። ልጁ ሠራተኛ አይደለም፣ ዘመድ ጥገኛ ነው! አሜሪካ እንደሆን ዋናዎቹ የቅጂ መብት ኢንዱስትሪዎች ብቻ እ.ኤ.አ. በ2021 ከ1.8 ትሪሊዮን ዶላር በላይ፣ ከጂዲፒው 7.76 በመቶ፣ አስገቡ ብለው ሪፖርት አውጥተዋል። የአክስቴ ልጅ እዚያ ውስጥ አለበት ብዬ እፎክራለሁ።

ቆጣሪው | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡52

ይሄ እንኳን እኔም አላሰብኩትም ነበር። በሒሳቡ ደንብ ያ ብር የአገልግሎት ኤክስፖርት መሆን ነበረበት። እንደ ቡና። ሐዋላ ሆኖ ነው የሚገባው። የጥናቱ ሦስተኛ መለኪያ የውጭ ንግድ ነው፤ የኛ ዓይነት አገሮች ወረቀትና ቲቪ እያስገቡ ሁልጊዜ ከሳሪ ይመስላሉ። ለካ አንዱ ምክንያት የአክስትህ ልጅ ነው።

የሽሮ_ሜዳዋ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡40

«ለልብስ ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም» የሚለውን አንብቤ ነው የመጣሁት። ማን ነው የለካው እሱን?

ሽሮ ሜዳ የሐበሻ ቀሚስ እሠራለሁ። አንድ ጥለት ለማውጣት ሦስት ሳምንት ይፈጅብኛል። በካሬ ወረቀት ላይ እያቀለምኩ፣ አንዷ ካሬ አንድ ክር ናት። ከዚያ ከሸማኔው ጋር ቁጭ ብለን «ይቺ ቀለም ከዚህች ጋር ትጣላለች» እየተባባልን ናሙና በስንዝር ይሸመናል። ተፈትቶ እንደገና ይሸመናል። ቀሚሱን ሲገዛ ሰው የሚከፍለኝ ለጨርቁ አይደለም፤ ነጭ ሸማ የትም አለ። ለጥለቱ ነው!

ደንበኛ መስላ አንዷ ትገባለች። ትለካለች። መስታወት ፊት በስልኳ ፎቶ ትነሳለች። «እመለሳለሁ» ትላለች። በወሩ ጥለቴ በማሽን ታትሞ ከውጭ በጥቅል ይመጣል። ሽመና አይደለም፣ ኅትመት ነው፤ ጀርባውን ስትገለብጡት ነጭ ነው፣ ክር አላለፈበትም። ዋጋው ከኔ ሩብ አይሞላም። ሸማኔዬ ባለፈው ክረምት ሥራውን ትቶ ሞተር ይነዳል።

የኔ ጥለት ቅጂ መብት አለው የለውም? እስቲ ጠበቃው ንገረኝ።

አንቀጽ_በአንቀጽ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡05

እህቴ፣ ሁለት በር አለ። በካሬ ወረቀት ላይ ያቀለምሽው ንድፍ ራሱን የቻለ ሥዕል ነው፤ የፈጠርሽው ዕለት ሳታስመዘግቢ መብቱ ያንቺ ነው። ያንን ወረቀት ቀን ጽፈሽበት አስቀምጪ፣ አትጣይው። ሁለተኛው የኢንዱስትሪ ንድፍ ነው፣ በአዋጅ 123/1987። እሱ ግን ምዝገባ ይፈልጋል፣ አዲስ መሆንም አለበት። ገበያ ካወጣሽው በኋላ ብዙ ቆይተሽ ከመጣሽ «አዲስ ነው» ማለት ይከብደኛል። ስለዚህ መጀመሪያ መዝገብ፣ ቀጥሎ ማኒኪን ላይ።

ዕቃው ከውጭ ሲመጣ ማንን ትከሺያለሽ የሚለው ሌላ ራስ ምታት ነው። አስመጪውን፣ ካገኘሽው።

ኮድ_ጸሐፊ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡20

ሶፍትዌርም «ዋናዎቹ» ውስጥ መሆኑን ማንም አላነሳም። አርቲስት ነን እኮ እኛም። ለአንድ ድርጅት የሒሳብ ፕሮግራም ሠርቼ ሸጥኩ። አንድ። በዓመቱ ሰባት ቦታ አየሁት። ስድስቱ ደግሞ ሲበላሽ የሚደውሉት ለኔ ነው።

(ይህን የምጽፍበት ዊንዶውስ ራሱ ክራክ ነው። እንዳትነግሩብኝ።)

እቴቴ_ቡና | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 3፡00

እኔ አዳማ ካፌ አለኝ፣ ስድስት ጠረጴዛ። ሁላችሁም ስታለቅሱ አነበብኩ፣ የኔን ለቅሶም ስሙ።

አሁን ደግሞ «ካፌ ውስጥ ለምታጫውቱት ሙዚቃ ትከፍላላችሁ» ይባላል። ለምን? ቴፑ የኔ። መብራቱ የኔ። ዘፈኑን ደግሞ ሬዲዮው ራሱ ነው የለቀቀው፣ እኔ አልጠየቅኩት። ደንበኛዬ የሚመጣው ለማኪያቶ ነው እንጂ ለዘፈን አይደለም። ስኳር ስንት ገባ ታውቃላችሁ? እኔ የምከፍለው ለስኳር ነው!

አንቀጽ_በአንቀጽ | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 3፡25

እትዬ፣ ተቆጡኝ ግን ልናገር። ስኳሩንም እኮ ደንበኛው አልጠየቀዎትም፣ ማኪያቶው ስለማይጣፍጥ ያስገባሉ። ሙዚቃውንም እንደዚያው።

ሕጉ ቤትዎ ቁጭ ብለው ሲሰሙ አይነካዎትም። ለንግድ በተከፈተ ቤት ለሕዝብ ሲያሰሙ ነው የሚመጣው። አንድ ዘፋኝ ደግሞ አዳማ ያለውን ካፌ ሁሉ እየዞረ ሊሰበስብ አይችልም። ለዚያ ነው በ2007 ዓ.ም. የወጣው ማሻሻያ፣ አዋጅ 872፣ የጋራ አስተዳደር ማኅበር የሚባለውን ያመጣው። ማኅበሩ ከካፌው፣ ከሆቴሉ፣ ከሬዲዮው ይሰበስብና ለባለመብቶቹ ያከፋፍላል። ቆጣሪው መጀመሪያ ላይ ከዋናዎቹ መጨረሻ ያስቀመጣቸው ማኅበራት እነዚህ ናቸው። ጂዲፒ ላይ ቢፈለጉ በአጉሊ መነፅርም አይታዩ ይሆናል። ግን የድምፅ_ቀራጭ ብር የሚያልፍበት ቧንቧ እሱ ነው።

እቴቴ_ቡና | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 3፡41

ልክፈል እሺ። ግን የከፈልኩት ለማን እንደደረሰ የሚነግረኝ ይኑር። ሌሊቱን ሙሉ የአንዱን ዘፋኝ አጫውቼ ብሩ ለሌላው ከሄደ ምኑን ፍትሕ ሆነ?

ጋሽ_ካሴት | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 4፡10

ይህችን ሴትዮ ሚኒስትር አድርጓት።

ቆጣሪው | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 4፡30

እውነታቸውን ነው። የክፍፍሉ ጣጣ በዓለም ሁሉ ያጣላል። ወይ የሬዲዮ ጣቢያዎች የተጫወተውን ዝርዝር ይሰጣሉ፣ ወይ በናሙና ይገመታል። ዝርዝሩ ካልተጻፈ ብሩ ለታዋቂዎቹ ይሄዳል። ግጥም ደራሲው፣ አቀናባሪው፣ ያች አንዴ ብቻ የዘፈነችው ልጅ ይቀራሉ። እኔ ቢጠይቁኝ ከ5 በመቶው ክርክር ይልቅ ጭቅጭቁ እዚህ ላይ ቢሆን እመርጣለሁ።

ድምፅ_ቀራጭ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡15

ሁላችሁንም አነበብኩ። ሌሊት ሁለት ጊዜ ደግሜ።

ዛሬ ጠዋት ስቱዲዮ ገባሁና አንድ ነገር ሞከርኩ። ያለፉትን ሁለት ዓመታት ፋይሎች ከኮምፒውተሩ አወጣሁ። 61 ዘፈን ቀድቻለሁ። ውል ያለኝ በስንቱ ነው? በአራቱ። በሌሎቹ ላይ ማን ግጥሙን እንደጻፈ የማውቀው በአእምሮዬ ብቻ ነው። አንዱ ፋይል ስሙ «ያ ረጅሙ ልጅ የመጨረሻ የመጨረሻ 2» ይላል። ይህን ይዤ ነው ባንክ የሄድኩት።

አንቀጽ_በአንቀጽ፣ የባንኩ ነገርስ? ካርታና ሊብሬ የሌለው ሰው ምንም የለውም ማለት ነው?

አንቀጽ_በአንቀጽ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡40

የለም። ተንቀሳቃሽ ንብረት ለብድር መያዣ እንዲሆን የሚፈቅድ አዋጅ አለ፣ 1147/2011። ሚክሰርህ፣ ማይክህ፣ ስፒከርህ ይያዛሉ በሕግ ደረጃ። ባንኩ ይቀበልሃል ወይ ሌላ ነገር ነው፣ ብዙዎቹ አሁንም ቤት ነው የሚወዱት። ግን ዕቃህን ዘርዝረህ፣ ከነደረሰኙ፣ አራቱን ውል ከላይ አድርገህ ሂድ። የቀሩትን 57ቱን ደግሞ ዛሬውኑ አስፈርም፤ ያ ረጅሙ ልጅ ታዋቂ ከሆነ በኋላ ስልክ አያነሳልህም።

ድምፅ_ቀራጭ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡52

ደረሰኝ? ሚክሰሩን ከዱባይ በሻንጣ ነው ያመጡልኝ። :(

እሺ፣ ከልጁ እጀምራለሁ። ስሙን መጀመሪያ ላፈላልግ።

እቴቴ_ቡና | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 4፡05

ልጄ፣ ያንተን 61 ዘፈን ካፌዬ ውስጥ ባጫውት ስንት ትለኛለህ? ያለ ማኅበር፣ እኔና አንተ ብቻ።

ድምፅ_ቀራጭ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 4፡07

በቀን አንድ ማኪያቶ፣ እትዬ። አዳማ በመጣሁ ቁጥር የተጠራቀመውን እጠጣለሁ።

እቴቴ_ቡና | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 4፡08

ስኳሩን ራስህ ትገዛለህ።

አንቀጽ_በአንቀጽ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 4፡10

በጽሑፍ አድርጉት!